የኢሙሌተር ባግ አደን ለጀማሪ፦ ከጌምቦይ ተነስቶ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው የደቻቱን ወንዝ ጠባይ ያውቃል። ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ፀሐይዋ እንደከረረች፣ ደረቁ አሸዋ ድንገት ጎርፍ ይሞላል፤ ዝናቡ የጣለው ወደ ደንገጎ በኩል ደጋው ላይ ነው። የኢሙሌተር (የጌም ማሽንን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ባግም፣ ማለትም የኮድ ስህተቱ፣ እንዲሁ ነው። ስክሪኑ ላይ የተቆራረጠ ምስል ይታያል፣ ወይም ጌሙ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ጥፋቱ የተፈጸመው ግን ከዚያ ብዙ ሺህ ኢንስትራክሽን (ሲፒዩው የሚፈጽመው ነጠላ ትእዛዝ) ቀድሞ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ምስሉ ስለተበላሸ ብቻ የምስሉን ኮድ የሚበረብር ጀማሪ፣ ጎርፉ በደረሰበት ቆሞ ዝናቡን እየፈለገ ነው። ከዚህ በታች ያለው ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ ነው፦ ምን እንደሚጫን፣ ምን እንደሚተየብ፣ የቱ ጋ እንደሚያሰናክል።

ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እዚህ በንባባቸው ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው። የሜሞሪ አድራሻዎቹ ሁሉ በሄክስ (በ16 መሠረት፣ ከ0 እስከ 9 ከዚያም ከኤ እስከ ኤፍ የሚጻፍ ቁጥር) ናቸው።

በየትኛው ይጀመር

ፕሌስቴሽን ቤት ተጫውቶ ያደገ ሰው ልቡ በቀጥታ ወደ ፒሲኤስኤክስ2፣ ወደ ፕሌስቴሽን 2 ኢሙሌተር፣ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም። ፕሌስቴሽን 2 ውስጥ ዋናው ሲፒዩ አለ፣ የግብዓትና ውጤቱ ሲፒዩ አለ፣ ሁለት ቬክተር ዩኒት አለ፣ የግራፊክስ ቺፑ አለ፤ በዚያ ላይ ኢሙሌተሩ የጌሙን ኮድ በሥራ ላይ እያለ ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ ይተረጉመዋል። አንድ ባግ ከእነዚህ በየትኛውም መካከል ሊደበቅ ይችላል።

በ1989 የወጣው ጌምቦይ ግን አንድ ባለ 8 ቢት ሲፒዩ፣ በሴኮንድ 4,194,304 ምት፣ 64 ኪሎባይት አድራሻ፣ በቃ። ሙሉው ማሽን አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። ኢሙሌተሩ ኤምጂቢኤ ይሁን፦ እምብርቱ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ጌምቦይንም ጌምቦይ አድቫንስንም ያጫውታል፣ የራሱ ዲበገር (ፕሮግራምን እያስቆመ የሚመረምር መሣሪያ) አለው፣ የማሽኑን የማስነሻ ፋይል ሳትፈልጉ ይነሳል። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ስትገዙ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ፋኑን አዳምጡ፤ ምክንያቱ ወደኋላ ይመጣል።

ለልምምድ የሚያስፈልጉት ሮሞች (የጌም ፋይሎች) በነጻ የሚሰራጩ የሙከራ ሮሞችና በፈቃደኞች የተሠሩ ሆምብሩ ጌሞች ናቸው። የገበያ ጌሞችን ከየቦታው ማውረድ አያስፈልግም፤ ሕግን ይነካል፣ ለባግ አደንም አይጠቅምም። የተበላሸ ኮፒ ያወረደ ሰው የሌለ ባግ ሲያባርር ይከርማል።

ኮዱን ማውረድና መገንባት

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ እነዚህን ጫኑ፦ ጊት፣ ሲሜክ፣ ጂሲሲ፣ ጂዲቢ (የሲ ፕሮግራሞች ዲበገር)፣ ሲሲካሽ፣ የኤስዲኤል2 የዴቨሎፕመንት ፓኬጅ፣ የሊብኤዲት የዴቨሎፕመንት ፓኬጅ። የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፤ እሷ ከሌለች ግን የኤምጂቢኤ የተርሚናል ዲበገር ከግንባታው ይቀራል። ግንባታው ያለ ምንም ቅሬታ ያልቃል፣ ዲበገሩ ሲፈለግ ግን የለም።

ማውረዱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጊት ክሎን መሃል ላይ ሲቋረጥ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ኔትወርክ ብልጭ ካለ ወይም መብራት ከሄደ የወረደው ዳታ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ዴፕዝ የሚለውን አማራጭ 1 አድርጋችሁ የቅርቡን ኮድ ብቻ አውርዱ። የቆየው ታሪክ ሲያስፈልግ (ጥፋቱ የገባበትን ለውጥ ለሚፈልገው ባይሴክት ያስፈልጋል) ጊት ፌች በሚለው ትእዛዝ ላይ «ዲፕን» የሚለውን አማራጭ 500 እያላችሁ ቁራጭ በቁራጭ ጨምሩ። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲያልቅ የራሳችሁ ነው፤ ቀጣዩ ቢቋረጥ የቀደመው አይጠፋም። የሌሊት ጥቅል ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ከዚያ ቢልድ የሚል ማህደር ፍጠሩና ውስጡ ገብታችሁ ሲሜክን አስነሱ። ሦስት ነገር አስተካክሉ፦ የቢልድ ታይፑን ዲበግ፣ ቢልድ ኪዩቲን ኦፍ፣ የሲ ኮምፓይለር ላውንቸሩን ሲሲካሽ። ኪዩቲ ሲዘጋ የኢሙሌተሩ የሜኑ መስኮቶች አይኖሩም፣ ግን የግንባታው ጊዜ በእጅጉ ያጥራል። ሲሜክ ሲጨርስ የሚያትመውን ዝርዝር አንብቡት፤ ሲኤልአይ ዲበገር የሚለው ጎን ኦን መኖር አለበት። ኦፍ ካለ ሊብኤዲት አልተገኘም ማለት ነው፤ ጫኑና የቢልድ ማህደሩን አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ሜክ ስትሉ የሥራውን ብዛት በ2 ወስኑት። ራም ሳይበቃ በብዙ ሥራ ሲለቀቅ ሲስተሙ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል፤ ተርሚናሉ ላይ ኪልድ የሚል ቃል ብቻ ይቀራል፣ ሰው የኮድ ስህተት ይመስለዋል። ሲሲካሽ ደግሞ የተገነባውን ያስቀምጣል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከዜሮ አትጀምሩም።

ዲበግ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሪሊዝ ግንባታ ላይ ጂዲቢ ግማሹን ተለዋዋጭ «ኦፕቲማይዝድ አውት» እያለ አያሳይም፤ መስመሮቹም ወዲያና ወዲህ ይዘላሉ። ለጌምቦይ የዲበግ ግንባታ ቀርፋፋነቱ አይጎዳም። ለዶልፊን ዓይነቱ ትልቅ ኢሙሌተር ግን ሬልዊዝ ዴብኢንፎ የሚባለው መካከለኛ ይሻላል፤ አለበለዚያ ጌሙ ባጉ ያለበት ቦታ ሳይደርስ ይመሻል።

ሁለቱን ዓለም መለየት

ጀማሪውን ከሁሉም በላይ የሚያምታታው እዚህ ነው። ኢሙሌተር ሲሠራ ሁለት ፕሮግራም አብሮ ይሮጣል፦ አንዱ ጌሙ፣ ሌላው ጌሙን የሚያጫውተው የሲ ፕሮግራም። ሁለቱም የየራሳቸው ሜሞሪ፣ ሬጅስተር (ሲፒዩው የሚሠራባቸውን ቁጥሮች የሚይዝበት ቦታ) እና ዲበገር አላቸው።

ኤምጂቢኤን ሰረዝ ዲ የሚለውን አማራጭ ሰጥታችሁ ከሮሙ ጋር ስታስነሱት የሚከፈተው የጌሙ ዲበገር ነው። እዚያ ኔክስት ስትሉ አንድ የጌምቦይ ኢንስትራክሽን ይሄዳል። ጂዲቢን በኤምጂቢኤ ላይ ስታስነሱ ግን ኔክስት አንድ የሲ መስመር ነው፤ አንዲት የጌምቦይ ኢንስትራክሽን ብዙ የሲ መስመር ታስኬዳለች። ሰረዝ ጂ የሚባል ሦስተኛ በርም አለ። እሱ ጂዲቢን በፖርት 2345 ከጌምቦይ አድቫንስ ጌም ኮድ ጋር ያገናኛል፤ ለጌም ሠሪዎች ነው፣ ለዛሬው ሥራ አያስፈልግም።

ሁልጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ የተሳሳተው ጌሙ ነው ወይስ ማሽኑ? በጌሙ ዲበገር ጀምሩ፤ ጌሙ ትክክለኛ ነገር ጠይቆ የተሳሳተ መልስ የተሰጠበትን ቦታ ፈልጉ። ያን ካገኛችሁ በኋላ ብቻ ወደ ጂዲቢ ተሻገሩ። በጅምሩ ሁለቱን በአንድ ተርሚናል ደርባችሁ አትክፈቱ፤ የኮንትሮልና የሲ ቁልፍ ስትጫኑ የቱ እንደቆመ ይጠፋባችኋል።

ጌሙ ሲነሳ ሬጅስተሮቹን እዩ። የመጀመሪያው ጌምቦይ የማስነሻ ፕሮግራሙን ሲጨርስ ኤኤፍ 01ቢ0፣ ቢሲ 0013፣ ዲኢ 00ዲ8፣ ኤችኤል 014ዲ፣ ኤስፒ ኤፍኤፍኤፍኢ፣ ፒሲ 0100 ላይ ነው። ኤ ሄክስ 11 ከሆነ የተነሳው እንደ ባለ ቀለሙ ጌምቦይ ነው፤ ስህተት አይደለም፣ ግን ከሌላ ኢሙሌተር ጋር ስታወዳድሩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ማሽን ሆነው መነሳታቸውን አረጋግጡ።

ባግ ራሳችሁ ትከሉና አድኑት

በሌላ ሰው ባግ መለማመድ ከባድ ነው፤ መልሱን የሚያውቅ የለም። የራሳችሁን ትከሉ። መጀመሪያ ደህናውን ግንባታ ሌላ ማህደር ውስጥ ገልብጡት፤ የማወዳደሪያ ሚዛናችሁ እሱ ነው።

ከኤስአርሲ ሥር ጂቢ በሚባለው ማህደር ቪዲዮ ዶት ሲ የሚለውን ፋይል ክፈቱ። ጂቢ ሬግ ኤልዋይ የሚለውን ስም ፈልጉና ወደ አይኦ (ጌሙ የማሽኑን ሁኔታ የሚያነብበት ሜሞሪ) የሚጽፉትን መስመሮች ሁሉ በኮመንት ዝጉ። ኤልዋይ ማለት አድራሻ ኤፍኤፍ44 ነው፦ ስክሪኑ አሁን ስንተኛው መስመር ላይ እንደደረሰ የሚናገር ቆጣሪ። አንድ ፍሬም 154 መስመር ነው፣ እያንዳንዱ መስመር 456 ምት፣ በድምሩ 70,224። የሚታዩት 144 ናቸው፤ ከ144 እስከ 153 ያለው ጊዜ ጌሙ ምስሉን በሰላም የሚቀይርበት እረፍት ነው።

እንደገና ገንቡና አንድ ሆምብሩ ጌም በሰረዝ ዲ አስነሱ። ኮንቲኒዩ በሉ። ብዙዎቹ ጌሞች ባዶ ስክሪን ላይ ይደርቃሉ። ኮንትሮልና ሲ ተጭናችሁ አቁሙትና ኔክስት እያላችሁ አሥር ጊዜ ያህል ተራመዱ። ፒሲው (ቀጣዩ ኢንስትራክሽን ያለበትን አድራሻ የሚይዘው ሬጅስተር) በሦስት አድራሻ ላይ ብቻ ሲዞር ካያችሁ፣ ከሦስቱ ትንሹን ወስዳችሁ ኤክስ ስላሽ 1 በሚለው ትእዛዝ 6 ባይት አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ይህን ነው፦

ኤፍ0 44 ኤፍኢ 90 20 ኤፍኤ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች «ከኤፍኤፍ44 አንብበህ ኤ ውስጥ አስቀምጥ» ይላሉ። ኤፍኢ 90 «ከ90 ጋር አወዳድር» ነው፤ ሄክስ 90 ማለት 144 ነው። 20 ኤፍኤ «እኩል ካልሆነ ስድስት ባይት ወደ ኋላ ተመለስ»። በ20 ፋንታ 38 ካገኛችሁ ጌሙ የሚጠብቀው 144 ወይም ከዚያ በላይ እስኪሆን ነው። ጌሙ እረፍቱን እየጠበቀ ነው፣ እረፍቱ ግን አይመጣም። ኤፍኤፍ44ን ደጋግማችሁ አንብቡት፤ መካከል ላይ ኮንቲኒዩ ብትሉም ቁጥሩ አይነቃነቅም።

እዚህ ላይ ወደ ሲ ኮዱ ከመሮጣችሁ በፊት ኤፍኤፍ40ን አንብቡ። ከሄክስ 80 በታች ከሆነ ስክሪኑ በጌሙ ትእዛዝ ጠፍቷል፤ ስክሪን ሲጠፋ ደግሞ እውነተኛው ማሽን ላይም ኤልዋይ 0 ላይ ይቆማል። እንዲያ ከሆነ የቆጣሪው ጥፋት አይደለም፤ ጥያቄው ስክሪኑን ያለ ጊዜው ያጠፋው ማነው የሚለው ይሆናል። ጌሙን ከመጀመሪያው አስነስታችሁ ዋች ስላሽ ደብልዩን ኤፍኤፍ40 ላይ አድርጉ፤ አድራሻው ላይ በተጻፈ ቁጥር ይቆማል። የደቻቱ መንገድ ይህ ነው፦ ውሃው ካለበት ተነስቶ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ላይ።

ኤፍኤፍ40 ሄክስ 80 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጌሙ ትክክል ነው፣ ማሽኑ ነው የዋሸው። አሁን ጂዲቢ። ኤንድ ሞድ 0 በሚባለው ፈንክሽን ላይ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙን እዚያ ሲደርስ የሚያቆም ምልክት) አኑሩ፤ በስሙ መጀመሪያ የግርጌ ሰረዝ (_) አለበት። በቆመ ቁጥር ሁለት ነገር ፕሪንት አድርጉ፦ ቪዲዮው ውስጥ ያለውን ኤልዋይና የአይኦ ሜሞሪውን 44ኛ ሄክስ ቦታ። አንደኛው እየጨመረ ሌላው ደርቆ ታያላችሁ። ማሽኑ በውስጡ በትክክል ይቆጥራል፣ ቆጠራውን ግን ለጌሙ አያሳይም። ባጉ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ እናንተው ዘግታችሁታል።

በሁለተኛው ልምምድ ፍሬሙ ሲሄድ ቁጥሩን የሚጽፈውን ኤንድ ሞድ 0 ውስጥ ያለውን መስመር ብቻ ዝጉ። የሚደርቀው ሁሉም ጌም አይደለም፤ 144ን ለይተው የሚጠብቁት ይደርቃሉ፣ «144 ወይም በላይ» የሚሉት ይሠራሉ። «ይሄ ጌም ብቻ ነው እምቢ ያለው» የሚባለው ባግ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተወልዶ ነው።

ሁለት ትሬስ ማወዳደር

ጌሙ ሳይደርቅ ቀስ ብሎ የሚበላሽ ከሆነ ከላይ ያለው አይበቃም። ያን ጊዜ ደህናውንና የተጠረጠረውን ግንባታ ጎን ለጎን አስኬዱና ኢንስትራክሽን በኢንስትራክሽን የሬጅስተሮቹን ሁኔታ ወደ ፋይል አስጻፉ። በኤምጂቢኤ ዲበገር ትሬስ ብላችሁ ብዛቱን ትሰጣላችሁ። ሁለቱን ፋይሎች በዲፍ አወዳድሩና የመጀመሪያውን ልዩነት ብቻ እዩ። ከሱ በታች ያለው ሁሉ ውጤት ነው፤ አታንብቡት።

መስመሩ ኢንስትራክሽኑ ከመፈጸሙ በፊት ያለውን ሁኔታ የሚያሳይ ከሆነ ተጠርጣሪው ልዩነቱ ያለበት መስመር ሳይሆን ከሱ አንድ መስመር ከፍ ብሎ ያለው ነው። ይህችን ያላስተዋለ ሰው ንጹሑን ኢንስትራክሽን ሲያሰቃይ ይውላል።

ማወዳደሩ ትርጉም እንዲኖረው ሁለቱም ያለ ሴቭ ፋይል፣ ያለ ምንም ቁልፍ መጫን፣ ከዜሮ መነሳት አለባቸው። ሴቭ ስቴት አትጠቀሙ፤ የታመመው ግንባታ ያስቀመጠው ስቴት ሕመሙን ይዞ ወደ ደህናው ይሄዳል። ከሌላ ኢሙሌተር ጋር ስታወዳድሩ ደግሞ ሲነሳ ራም ውስጥ ያለው ቁጥር ሊለያይ ይችላል፤ እውነተኛው ማሽን ላይም የዘፈቀደ ነው። ጌሙ ያልጻፈበትን ቦታ በማንበብ የመጣ ልዩነት ባግ ላይሆን ይችላል።

መጠኑንም አስቡ። ጌምቦይ በሴኮንድ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ኢንስትራክሽን ሊፈጽም ይችላል፤ አንዱ መስመር 80 ባይት ቢሆን በሴኮንድ 40 ሜጋባይት ነው፣ አሥር ሴኮንድ 400። ባጉ ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ በብሬክፖይንት እስከ አቅራቢያው ሂዱና ከዚያ መቅዳት ጀምሩ።

ልዩነቱ ሲፒዩ ላይ ሲሆን የሚከተሉት የታወቁ ወጥመዶች ናቸው፦ ፖፕ ኤኤፍ የባንዲራውን (የስሌት ውጤት ምልክቶችን የሚይዘውን የኤፍ ሬጅስተር) ታችኛ 4 ቢት ሁልጊዜ 0 ማድረግ ሲገባው አለማድረጉ፤ ኢንክና ዴክ ካሪን መንካታቸው (መንካት የለባቸውም)፤ አርኤልሲኤ ዜሮ ባንዲራውን ሁልጊዜ ሲያጠፋ ባለ ሁለት ባይቱ አርኤልሲ ኤ ግን በውጤቱ መሠረት ማስነሳቱ፤ ኢአይ ኢንተራፕትን የሚከፍተው ከሚቀጥለው ኢንስትራክሽን በኋላ መሆኑ፤ ዲኤኤ በሙሉ።

እነዚህን በእጅ ከመፈለግ የሙከራ ሮም ይቅደም። ሲፒዩ ኢንስትርስ የተባለው 11 ሙከራ አለው፤ ውጤቱን ስክሪን ላይ ብቻ ሳይሆን በሲሪያል በርም ይልካል፣ ፊደሉን ኤፍኤፍ01 ላይ ጽፎ ኤፍኤፍ02 ላይ ሄክስ 81 ይጽፋል። ስለዚህ ምስሉ ጨርሶ ባይሠራም ውጤቱ ይነበባል። ሙንአይ የተባሉት ሌሎች የሙከራ ሮሞች ሲያልፉ ሬጅስተሮቹ ቢ 3፣ ሲ 5፣ ዲ 8፣ ኢ 13፣ ኤች 21፣ ኤል 34 (በተለመደው ቁጥር፣ በሄክስ ሳይሆን) ይሆናሉ፤ ሲወድቁ ስድስቱም ሄክስ 42። ሲፒዩው ሳያልፍ ስለ ታይመር፣ ታይመርና ኢንተራፕት ሳያልፉ ስለ ምስል አታስቡ።

ድሮ ይሠራ የነበረ ከሆነ

«ባለፈው ቨርዥን ይሠራ ነበር» ሲባል ኮድ ከማንበብ ጊት ባይሴክት ይፈጥናል። ደህናውንና የታመመውን ኮሚት (ጊት ውስጥ የተመዘገበ አንድ የኮድ ለውጥ) ትሰጡታላችሁ፣ መካከሉን እያወጣ ያስሞክራችኋል። 1,000 ኮሚት በ10 ሙከራ ያልቃል። የማይገነባ ኮሚት ሲገጥማችሁ «ባድ» አትበሉ፣ ስኪፕ በሉ፤ አንዲት የተሳሳተ መልስ ፍለጋውን ወደማይመለከተው ሰው ኮሚት ትወስደዋለች። መብራት ቢሄድ ሂደቱ ጊት ውስጥ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ቀርፋፋነት ሁሉ ባግ አይደለም

ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ላፕቶፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ድምፁ ይንተባተባል፣ ፍሬሙ ይወርዳል፤ ተጫዋቹ «አዲሱ ቨርዥን ተበላሸ» ይላል። ለመለየት ያንኑ ኮሚት፣ ያንኑ ጌም፣ ያንኑ ቦታ ማለዳ 12 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አስኬዱ፣ የሲፒዩውንም ድግግሞሽ አብራችሁ ተመልከቱ። በቀዝቃዛው ሰዓት ከተስተካከለ ሥራው የፋን ጽዳትና የቴርማል ፔስት ነው። ሐረር ያላችሁ ከፍታው ይረዳችኋል፤ ቢሆንም ባይሴክትን ለፍጥነት ችግር ስትጠቀሙ በሙከራዎቹ መካከል ላፕቶፑን አሳርፉት፣ አለዚያ አሥረኛው ሙከራ ሁልጊዜ «ባድ» ይወጣል።

ወደ ትልልቆቹ ስትሻገሩ

ዶልፊንን ወይም ፒሲኤስኤክስ2ን በጂዲቢ ስታስነሱ ወዲያው ሲግሴግቪ (ያልተፈቀደ ሜሞሪ ተነካ የሚል ምልክት) እያለ ይቆማል። አልተበላሸም። እነዚህ ኢሙሌተሮች የሜሞሪ ፍጥነት ለማግኘት ጥፋቱን ሆን ብለው ያስነሱትና ራሳቸው ይይዙታል። ጂዲቢ ላይ ሃንድል ሲግሴግቪ ብላችሁ ኖስቶፕ፣ ኖፕሪንት፣ ፓስ ጨምሩበት። እውነተኛ ክራሽ ለመያዝ ስትፈልጉ ግን መልሱት።

ከዚያ ኮድ ሳትነኩ ከሴቲንግ ሁለት ነገር ሞክሩ፦ ሲፒዩውን ወደ ኢንተርፕሪተር፣ ግራፊክሱን ወደ ሶፍትዌር ሬንደረር። በኢንተርፕሪተር (ኢንስትራክሽኖቹን አንድ በአንድ በሚፈጽመው) ባጉ ከጠፋ፣ የጌሙን ኮድ ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ የሚተረጉመው ክፍል ውስጥ ነው፤ በሶፍትዌር ሬንደረር ከጠፋ ግራፊክሱ ውስጥ ወይም የካርዱ ድራይቨር ውስጥ። ለጀማሪ ከሁለት ቀን ኮድ ንባብ ይህ የአምስት ደቂቃ ሙከራ ይበልጣል።

ጂዲቢ ላይ ዋችፖይንት ስታበዙ ተጠንቀቁ። የተለመደው የፒሲ ፕሮሰሰር በሃርድዌር የሚይዘው አራት ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጂዲቢ ዋችፖይንቱን ማስገባት አልቻልኩም ሊል ይችላል፤ በሶፍትዌር የሚፈትሽ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ ስለሚያይ ኢሙሌተሩ የቆመ እስኪመስል ይዘገያል። ኢሙሌተሩ ራሱ በየጊዜው በተለያየ ቦታ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ዋችፖይንቱን ተዉትና በአድሬስ ሳኒታይዘር እንደገና ገንቡት፤ የተለቀቀን ሜሞሪ መልሶ የሚነካውን መስመር በቁጥሩ ይነግራችኋል።

ሪፖርቱ

ባጉን ባታርሙትም አጥርታችሁ ካቀረባችሁት ሥራው ግማሽ ደርሷል። የሚካተቱት፦ የኮሚቱ ሙሉ ቁጥር («የቅርቡ» አይበቃም)፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና የግራፊክስ ካርዱ፣ የጌሙ ስምና የሮሙ ሻ1 ቁጥር (ፋይሉን ከሌላው የሚለይ አሻራ)፣ ከማስነሳት ጀምሮ ባጉ እስኪታይ የሚጫኑት ቁልፎች በቅደም ተከተል፣ የመጀመሪያው ልዩነት ያለበት የትሬሱ ክፍል ከላይና ከታች 20 መስመር ይዞ፣ ባይሴክት ከሠራችሁ ያገኘው ኮሚት። ሎጉን በጽሑፍ ላኩ፣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አይደለም፤ ከፎቶ ላይ አድራሻ መገልበጥም መፈለግም አይቻልም። ሮሙን አታያይዙ። የሌላ ኢሙሌተር ውጤት ስትጠቅሱ የትኛው ቨርዥን እንደሆነ ጻፉ፤ ሁለት ኢሙሌተር መስማማታቸውም እውነተኛው ማሽን እንዲያ ያደርጋል ማለት አይደለም፣ ከአንድ ሰነድ ተገልብጠው ሊሆን ይችላል። አንድ ሪፖርት ውስጥ አንድ ባግ ብቻ ይግባ፤ ሁለት ካገኛችሁ ሁለት ጻፉ።